የአቶ ኦይታ ቤት ጀርመን ደረሰ

— ሄሎ! ... ሄሎ! ... አዎ፣ አርባ ምንጭ ነው! ደግፌ ነኝ፣ ወንድምህ! ... ደበሌ! አንተ ነህ? ... ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል እኮ! ... ትሰማኛለህ? ... እኔማ እሰማሃለሁ!

— (እማዬ፣ እሱ ነው! ደበሌ ነው! ... አታልቅሺ እንጂ፣ ገና ምንም አላለም።)

— ሄሎ! ... አዎ፣ ቴሌግራምህ እንደደረሰን ነው የመጣነው። ከጠዋት ጀምሮ ስልክ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረን ቁጭ ብለናል። እትዬ ሮማነወርቅ፣ የስልክ ቤቷ ሴትዮ፣ "እናንተ ስልክ ነው ወይስ ለቅሶ የምትጠብቁት?" እስኪሉን ድረስ። ... እማዬ አለች፣ ደህና ናት። ... ሌላማ ... እንዳትደነግጥ። አቶ ኦይታ ከዶርዜ ወርደዋል። ... አዎ፣ ራሳቸው! የአስቴር አባት! ... አስቴርም አለች። ... ሄሎ? ... ተናገር እንጂ፣ ደቂቃው ይሄዳል!

— ስማኝ፣ ባጭሩ ልንገርህ። ላንቴ ቀበሌ ላይ ሙዝ የሚያለማ ሰውዬ አስቴርን ለልጁ ጠይቋል። አቶ ኦይታ ደግሞ፣ "ደበሌ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ግን ባሕር ተሻገረ፤ ባሕር የተሻገረ አይመለስም" ይላሉ። ዛሬ ያንተን ቃል ሰምተው ለላንቴው ሰውዬ መልስ ሊሰጡ ነው የወረዱት። ገባህ? ... አይ፣ ከእሳቸው ጋር መነጋገር አትችልም። ... ብያቸዋለሁ እኮ! ስልኩን ልስጥዎ ብያቸዋለሁ። "የልጅት አባት ከጠያቂው ጋር አፍ ለአፍ አይነጋገርም፤ በሽቦም ቢሆን መሐል ሰው ይግባ" አሉ። ... መሐል ሰውማ እኔ ነኛ! ... ሄሎ? ... ይኼ ድምፅ ምንድነው፣ ሳቅ ነው ለቅሶ?

— (አቶ ኦይታ፣ እንግዲህ ልጀምር ነው። የምነግርዎ ሁሉ የደበሌ ቃል ነው፤ አንዲት አልጨምርም፣ አንዲት አልቀንስም። እማዬ ትሙት! ... እሺ እማዬ፣ ይቅርታ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ በአንቺ አልምልም። መብረቅ ይ ... እሺ አቶ ኦይታ፣ ክርስቲያን አይምልም፣ አውቃለሁ። ቃላችን አዎን አዎን ይሁን። አዎን፣ አዎን፣ እውነት ነው።)

— (የአዞውንማ አሁን አያንሡብኝ! አዞ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲቀላ ሰፈር ወረደ ያልኩት ለጨዋታ ነበር። የሲቀላ ሰው ሁሉ መናኸሪያ ወጥቶ ይጠብቃል ብዬ መቼ አሰብኩ? ይኼ ሌላ ነው። ይኼ በመንግሥት ስልክ የመጣ ወሬ ነው።)

— ሄሎ! በል ጀምር፣ አገሩ እንዴት ነው? ስትደርስ መጀመሪያ ምን አየህ? ... ደረጃ? ... ደረጃማ እዚህም አለ። ... አንተ ቆመህ? ... ደረጃው ራሱ? ... ቆይ ቆይ፣ እንዳልሳሳት።

— (ባቡር ጣቢያው ውስጥ ደረጃ አለ ይላል። ሰው ደረጃውን አይወጣም። ሰው ዝም ብሎ ይቆማል፣ ደረጃው ሰውን ይዞ ይወጣል። ... እትዬ ሮማን፣ እኔ ላይ ምን ያፈጣሉ? እርስዎ ብዙ አገር ያዩ ነዎት፣ ሰምተው አያውቁም? ... አልሰሙም? እንግዲህ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።)

— ታዲያ ወጣህበት? ... (አንዲት ሴትዮ ከኋላው ቆማ እስክትቆጣ ድረስ ፈርቶ ቆመ፤ ከዚያ ጫማውን አወለቀና ወጣበት።) ... ጫማህን ለምን አወለቅክ? ... (ደረጃው በጣም ንጹሕ ስለነበረ! እማዬ፣ አሳደግሽው!) ... አቶ ኦይታ ምን አሉ መሰለህ? "እንዲህ ዓይነት ደረጃ ካለ ለሜዳ አገር ምን ያደርጋል? ለጨንቻ አቀበት አይሰጡንም?" ... አዎ፣ እስቲ ጠይቃቸው!

— ብርዱስ? ... (ብርድ ነው ይላል።) አቶ ኦይታ "ዶርዜም ይበርዳል" ይሉኛል። ሰማኻቸው? ... (የዶርዜ ብርድ የጀርመኑ ብርድ ልጅ ነው ይላል። ገና ጡት ያልጣለ ልጅ።)

— እማዬ ምን ትበላለህ ትላለች። ... (ድንች።) ... ማታስ? ... (ድንች። ዳቦ ደግሞ አለ፣ ጥቁር ዳቦ፣ ሲበሉት እንደ ቆጮ ይጎመዝዛል ይላል።) ... አየህ፣ አሁን ፊቷ ፈካ። "እንደ ቆጮ ከሆነማ ልጄ አይራብም" ብላ ለእትዬ ሮማነወርቅ እያስረዳች ነው። በጋሞኛ ነው የምታስረዳቸው፣ እሳቸው አንዲት ቃል አይሰሙም፣ ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

— ሥራውስ? ፋብሪካው? የሸማኔዎች ማኅበር ለሥልጠና የላከህ ድንች እንድትበላ አይደለም። ... ሴቶች? ... ምን ያህሉ ሴቶች? ... ሁሉም?

— (አቶ ኦይታ፣ እዚያ አገር የሚሸምኑት ሴቶች ናቸው። ... እውነቴን ነው! አንዷ ሴት በመኪኖቹ መሐል እየተመላለሰች ነው፤ መኪኖቹ ራሳቸው ይሸምናሉ፣ እሷ ክር ሲበጠስ ትቀጥላለች።) ... ወንዶቹማ ምን ይሠራሉ ይሉሃል? ... (ዘይት ይቀባሉ! ... አይ፣ ጸጉራቸውን አይደለም፣ መኪናውን።) አንተ ደበሌ፣ አቶ ኦይታ ዕድሜ ልካቸውን ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ከተው የሸመኑ ሰው ናቸው፤ ቀስ በልባቸው እንጂ! ... አስቴር? አስቴርማ እየሳቀች ነው። "ወንዶቹ ይፈትሉ ይሆን?" ብላለች፣ በቀስታ።

— ሌላስ? ... ምን? ... ሐይቅ? ... እንዴት አድርገህ? ... በእግርህ? ... ደበሌ፣ ይቅርብን፣ ይኼን አላስተላልፍም። ... አይደለም፣ አምንሃለሁ፣ ግን ሰዎቹ ... እሺ። እሺ። የመሐል ሰው አፍ እንጂ ሆድ የለውም።

— (ሐይቅ አለ ይላል፣ ከብርዱ የተነሣ ውሃው ድንጋይ ሆኗል። ሰው በላዩ ይሄዳል። ሕፃናት ይሯሯጡበታል፣ ሽማግሌዎች ቀዳዳ በስተው ዓሣ ያጠምዱበታል። እሱም ትናንት ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ተሻግሮታል። ... እማዬ፣ አዞ የለም! ... ከሥርም የለም! ጫሞ አይደለም፣ ሌላ ሐይቅ ነው። ... አቶ ኦይታ፣ ወዴት ነው? ... ይቀመጡ እንጂ!)

— ጉድ አፈላህ! ተነሡ! ዱላቸውን ይዘው ተነሡ! "በውሃ ላይ የሄደ አንድ ነው፣ እሱም የእናንተ ወንድም አይደለም" እያሉ ነው። "አስቴር ተነሺ፣ በእግዚአብሔር ነገር የሚቀልድ ቤት ልጄን አልሰጥም" አሉ። ... እኔማ ምን ላድርግ? ያልከውን ነው ያልኩት! በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር ይኸው ተቀጣሁ! ... ሌላ በል፣ የሚታመን ነገር በል፣ ቶሎ! ... ምን? ... እዚያም አያምኑህም? ... ማን ሳቀብህ? ... የምን ቤት? ... የማን ቤት?

— (አቶ ኦይታ! በሩ ላይ ይቁሙ! ስለ እርስዎ ቤት ነው የሚያወራው! ... እውነቴን ነው፣ የእርስዎ ቤት ጀርመን ደርሷል!)

— ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ ግን ቆመዋል። ንገረኝ፣ ቀስ ብለህ።

— (ሲደርሱ በአዳራሽ ተቀብለው እራት ጋበዟቸው። ከያገሩ የመጣው ሰልጣኝ ሁሉ ተራ በተራ ስለ አገሩ ተናገረ። የደበሌ ተራ ሲደርስ፣ "እኛ ዶርዜ ላይ ቤታችን ከቀርከሃ ነው የሚሠራው፣ እንደ ዝሆን ግንባር አለው፣ ምስጥ ከሥር ከበላው ወይም ቦታው ካልተስማማን ሰፈሩን ጠርተን ቤቱን እንዳለ አንሥተን ሌላ ቦታ እናስቀምጠዋለን" አላቸው።) ... ከዚያስ? ... (ከዚያ አስተርጓሚውን "ተርጉም እንጂ" ቢለው "ጓድ፣ ይኼን አልተረጉምም፣ እኔንም ያሳፍረኛል" አለው።) ... ኧረ ተው! ... (በመጨረሻ ሲተረጉምለት አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። አሁን ኮሪደር ላይ ሲያልፍ "ቤትህን የት አቆምከው? ይዘኸው መጣህ?" ይሉታል። ወጥቷል ስሙ፣ ውሸታም ተብሏል።)

— ውሸታም! አንተ! በቤታችን አንድ ውሸታም ነበር፣ እሱም እኔ ነኝ፣ ይኼን ማዕረግ ደግሞ ለማንም አልለቅም። ... ቆይ፣ አቶ ኦይታ ዞሩ። ... ተመልሰው እየመጡ ነው። ... ዱላቸው ስልኩ ላይ ተነጣጥሯል።

— (እሺ አቶ ኦይታ፣ እላለሁ።) ደበሌ፣ እንዲህ ይላሉ፦ "አምና ቤቴን ያነሣነው በቀን ብርሃን ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። በቤቴ የሚስቅ ማነው?" ... እኔን ደግሞ "አንተ ከራስህ እየጨመርክ ነው" ይሉኛል! ... አዎ፣ እኔን ነው የጠረጠሩት። "ደግፌ ቤቱ ሲነሣ አልነበረም፤ ደበሌ ግን ነበረ። እውነት እሱ ከሆነ ሌላ ሰው የማያውቀውን ይንገረኝ" ይላሉ። ... በል ንገራቸው። ... ምንም ነገር ይሁን! ... አውቃለሁ አስቴር እንዳለች! ... እሷ ብቻ ናት የምታውቀው? እንግዲያማ እሷው ትመስክር። ... እርግጠኛ ነህ? ... ኋላ እኔን እንዳትወቅስ።

— (አስቴር፣ አባትሽ ምስክር ፈልገዋል፣ አንቺ ነሽ። ሰዉ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ አንቺ ውስጥ ነበርሽ? ... የጎመኑ ድስት እንዳይደፋ ይዘሽ ከቤቱ ጋር አብረሽ ትራመጂ ነበር? ... አቶ ኦይታ፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ይመልከቱልኝ! ... ደበሌ ደግሞ ከውጭ፣ በግራ በኩል፣ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር አግብቷል። ... እና ... ደበሌ፣ ቀጥል ... እና በቀርከሃው ክፍተት ቆሎ ታቀብይው ነበር። ሁለቱም እጁ እንጨቱን ስለያዘ በአፉ ነበር የሚቀበልሽ።)

— ኧረ ደበሌ! ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች! ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች! እትዬ ሮማነወርቅ የሌላውን ሰው መስመር ረስተው ቆመዋል! ... አባቷማ ... ቆይ ... አላውቅም፣ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። ... ሊመቱኝ ነው መሰለኝ። ... አይ! እየሳቁ ነው! ሄሎ፣ ትሰማለህ? አቶ ኦይታ እየሳቁ ነው! "ለካ ለዚህ ነው ቤቴ ወደ ግራ ያዘነበለው!" ይላሉ። "ሽማግሌው ሁሉ መሬቱን ሲረግም ከረመ፤ ለካ የግራው ትከሻ ቆሎ እየበላ ነበር!"

— (አዎን አቶ ኦይታ፣ ካሁን በኋላ ያምኑኛል? ... ውሃውንም?) ... ውሃውንም አመኑ! ደረጃውንም! ... ሴቶቹን ግን ገና እያሰቡበት ነው።

— እማዬም ስቃለች። አግዳሚው ሁሉ ስቋል። ... እሺ እትዬ ሮማን፣ አውቃለሁ፣ እየጨረስን ነው።

— ደበሌ፣ አሁን ዋናው ጥያቄ ነው። ቃል በቃል ልንገርህ፤ "ይመለሳል ወይስ አይመለስም?" ... ምን? ... ሁለት ዓመት? ... ሄሎ? ... የምን ሁለት ዓመት?

— (ሁለት ... ሁለት ካልሲ ደርቦ ነው የሚተኛው ይላል፣ ከብርዱ የተነሣ።) ደበሌ፣ ሁለት ካልሲ ትደርባለህ አይደል? በላ አዎ በለኝ! ... ሦስት? (ይቅርታ፣ ሦስት ነው። አዩ፣ ለእውነት ስል ራሴን አርማለሁ።)

— አሁን ዝግ ብለህ ተናገር፣ ጆሮዬን አጣብቄዋለሁ፣ እኔም በሹክሹክታ ነው የማወራህ። ... እስከ ነሐሴ ያለውን ... ወይም ረጅሙን ... የሁለት ዓመቱን፣ የሽመና መኪና ጥገናውን ... ሰኞ ነው የምትፈርመው? ... አልወሰንክም? ... እስካሁን አልወሰንክም? ... አዎ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። ... አዎ፣ አውቃለሁ። ... ትጠብቀኝ ይሆን ትላለህ ለእኔ? እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ ቆሎ የሰጠችው ለእኔ አይደለም! ... ሁሉም ዓይናቸው እዚህ ነው፣ ደበሌ። እማዬ እንኳ መተንፈስ አቁማለች። ምን ልበል? ... ሄሎ? ... ምን ልበልላቸው?

— (እ ... አቶ ኦይታ። ለመስቀል እመጣለሁ ብሏል።)

— አትጩህብኝ፣ ታላቅህ ነኝ። ... መስመሩ ይንጫጫል፣ አይሰማኝም! ... አይሰማኝም እያልኩህ!

— እየሰማህ ነው እንዴ እዚህ የሆነውን? አንድ ሰው አልጠየቀኝም! "እውነትህን ነው?" ያለኝ የለም! አቶ ኦይታ ዱላቸውን አስቀመጡ። "ታዲያስ፣ የጋሞ ልጅ ለመስቀል ካልመጣ የት ሊሄድ ነው? አዲስ አበባ ያለውም ሸማኔ ሁሉ ይመጣል፤ እሱ ትንሽ ራቅ አለ እንጂ" አሉ። ... (እላለሁ፣ እላለሁ።) ... "የላንቴው ሰውዬ ሙዙን ለሌላ ይሽጥ" ብለዋል። ... "ልጁ ይምጣና መጀመሪያ ቤቴን ቀጥ ያድርግ፤ ፎቶ አንሺ ከአርባ ምንጭ አስወጣለሁ፤ ቤቱ በሰው ትከሻ ላይ ሲሄድ ተነሥቶ ለእነዚያ ሳቂዎች ይላክላቸዋል። ከዚያ ስለ ልጄ እንነጋገራለን" ብለዋል። ... "እንነጋገራለን" ማለትማ እሺ ማለት ነው፣ መሐል ሰው እኮ ነኝ፣ ቋንቋውን አውቀዋለሁ።

— ቆይ፣ እማዬ ስልኩን ተቀበለችኝ። (ወደ ጆሮሽ ... አይ፣ ገልብጠሽዋል ... እንዲህ። በይ ተናገሪ። ... ኧረ ተናገሪ፣ እማዬ፣ ራስሽን ብትነቀንቂ እኮ አይታየውም! ... ምን ጠየቅሽው? ... ምን አለሽ? ... ደግሞ ትስቂያለሽ! እሺ፣ አምጪ። አዎ፣ እናንተ ውጡ፣ ፀሐይ ላይ ጠብቁኝ፣ እኔ ሰላም ብዬው እመጣለሁ። አስቴር፣ ምን ልበልልሽ? ... ምንም? ... እሺ፣ ምንም እለዋለሁ።)

— ሄሎ። ... ወጡ። እትዬ ሮማነወርቅ ብቻ ናቸው ያሉት፣ እሳቸው ደግሞ እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ ነው። ... አስቴር "ምንም በለው" ብላለች። በር ላይ ስትደርስ ግን ዞራ ስልኩን አየችው፣ እኔን አይደለም፣ ስልኩን። ... አዎ። ... አዎ፣ እውነቴን ነው።

— እማዬ ምን ብላ ጠየቀችህ? ... "ለመስቀል?" ብቻ? ... አንተስ? ... "አዎ" አልካት? ... እኔ ስል ትጮህብኛለህ፣ እሷ ስትል አዎ? ... ትንፋሿን ሰምተህ። እሺ። ... እሺ ገባኝ። እኔም ብሆን ሌላ አልላትም ነበር።

— ታዲያ ሰኞ? ... የትኛውን ነው የምትፈርመው? ... አልሰማሁህም። ... የነሐሴውን? ... ጮክ በል፣ እንደገና በል! እትዬ ሮማን፣ ይምጡ፣ እባክዎ ጆሮዎን እዚህ ያድርጉ፣ እኔን ማንም አያምነኝም፣ ምስክር ይሁኑኝ! ... ሰሙት? "የነሐሴውን" አለ አይደል? ... ይኸው!

— ደበሌ! ስማ፣ ሁለት ዓመቱ ቀረ ብለህ አትዘን፣ ያን የመኪና ጥገና ... ሄሎ? ... ሄሎ! ... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ...

— ተቆረጠ። ... ምን ያስቅዎታል፣ እትዬ ሮማን? ... የትኛውን ነው የጨመርኩት? ደረጃው የእሱ ነው። ውሃው የእሱ ነው። ቤቱ የአቶ ኦይታ፣ ቆሎው የአስቴር። ... እሺ፣ ለእርስዎ ብቻ ልንገርዎ፤ "ለመስቀል እመጣለሁ" ብሏል ያልኩት፣ እሷን እኔ ነኝ የፈጠርኳት። ከሁሉም ሳትጠየቅ የታመነችው እሷ ናት። ስልኩን ልዝጋልዎ።